የጥንት ሙዚቃ ሰው እንዴት የቪየና ፊልሃርሞኒክ ፊት ቆመ? (ስለ ሃርኖንኩር)

ደጋን_ያዥ

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን የቤትሆቨንን ሲምፎኒዎች በተለያዩ መሪዎች እያፈራረቅኩ እየሰማሁ ነው። ከሁሉም ጆሮዬን የያዘው የኒኮላውስ ሃርኖንኩር ነው፤ ከቻምበር ኦርኬስትራ ኦፍ ዩሮፕ ጋር በ1990 እና 1991 ግራትስ ላይ የተቀረጸው። ትራምፔቱ ይጮሃል። ቲምፓኒው (ትልቁ ከበሮ) ደረቅ ነው። ዝምታዎቹ ያስደነግጣሉ።

ስለ ሰውየው ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። ስሙን ያተረፈው በሞንቴቬርዲና በባኽ ነው፤ በአንጀት ክር፣ በጥንት መሣሪያ። ያው ሰው ደግሞ የቪየና ፊልሃርሞኒክን የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ሁለት ጊዜ መርቷል፤ በ2001 እና በ2003። ብሩክነር አለው፣ ቬርዲ አለው። ጭራሽ በ2009 የገርሽዊንን «ፖርጊ እና ቤስ» መርቷል!

በጥንት ሙዚቃ የታወቀ ሰው እንዴት ነው ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች ፊት የሚደርሰው? የሙያ መንገዱ የገባው ሰው ካለ እስኪ ያስረዳኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።)

ሦስተኛ_ወንበር

መልሱን ከሴሎ ወንበር ጀምረው ወንድሜ።

ሃርኖንኩር በ1929 በርሊን ተወለደ፣ ያደገው ኦስትሪያ ግራትስ ነው። በ1952 ቪየና ሲምፎኒ ውስጥ ሴሊስት ሆኖ ተቀጠረ። የቀጠረው ደግሞ ታዋቂው መሪ ኸርበርት ፎን ካራያን ነው፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። እዚያ ወንበር ላይ እስከ 1969 ተቀምጧል። አሥራ ሰባት ዓመት!

በተቀጠረ በዓመቱ፣ በ1953፣ ከባለቤቱ ከቫዮሊኒስቷ አሊስ እና ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ኮንሴንቱስ ሙዚኩስ የተባለውን የጥንት መሣሪያ ቡድን አቋቋመ። አቋቋሙ ሲባል ግን ኮንሰርት ጀመሩ ማለት አይደለም። አራት ዓመት ያህል ልምምድ ብቻ ነበር። መሣሪያ መፈለግ፣ ማሳደስ፣ አያያዙን መማር፣ የድሮ መጻሕፍት ማገላበጥ። ለሕዝብ የቀረቡት በ1957 ነው።

ብዙ ሰው ይህን ዘመን ዘሎት ያልፋል። ለኔ የጉዳዩ ሥር እዚህ ነው። የኦርኬስትራው ደመወዝ ቤቱን ይዞለታል፤ ስለዚህ የራሳቸው ቡድን ቶሎ ገበያ ላይ መውጣት አላስፈለገውም። ማንም አላጣደፋቸውም። ሁለተኛው ትርፍ ደግሞ፣ የዘመኑን መሪዎች ሁሉ ከታች ወደ ላይ አይቷቸዋል። የትኛው ምልክት እንደሚገባ፣ የትኛው ለታይታ እንደሆነ፣ ተጫዋቹ መቼ እንደሚሰላች ከወንበሩ ሆኖ ያየ ሰው ነው። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምሩህም።

ገና_ተማሪ

ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። ታዲያ ኦርኬስትራ መምራት የት ተማረ? በስንት ዓመቱስ ነው መድረክ ላይ የወጣው?

ሦስተኛ_ወንበር

በሴሊስትነት ነው የሠለጠነው። ኮንሴንቱስን ሲመራ ለረጅም ጊዜ ሴሎ ይዞ፣ ከመሃል ተቀምጦ ነው። አሊስ ደግሞ እስከ 1985 ድረስ የቫዮሊኖቹ መሪ ነበረች። እንደውም የሷ ድርሻ ሁልጊዜ ያንሳል ሲወራ። ግማሹ ሥራ የሷ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቆሞ መምራት የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1970 ሚላን፣ ላ ስካላ፣ የሞንቴቬርዲን «ኡሊሴ» የተባለ ኦፔራ መራ። አርባ ዓመት ሞልቶት ማለት ነው። ከ1975 ጀምሮ ዙሪክ ኦፔራ ላይ ከአዘጋጁ ከዣን ፒየር ፖኔል ጋር የሞንቴቬርዲን ኦፔራዎች በተከታታይ አቀረቡ፤ ያ ሥራ አውሮፓን አዳረሰ። በዚያው በ1975 አምስተርዳም ያለው ኮንሰርትገባው ጋበዘው። እንግዲህ ትልቁ በር የተከፈተው ያኔ ነው። ዘመናዊ መሣሪያ የያዘ፣ የራሱ ኩራት ያለው ኦርኬስትራ፣ ለባኽ ብሎ ጠራውና አልለቀቀውም። ከባኽ ወደ ሞዛርት፣ ከሞዛርት ወደ ሹበርት፣ እያለ ድቮርዣክ ድረስ አብረው ሄዱ።

ጋሽ_ኮንትራባስ

ልጆች፣ አድናቆታችሁን አልነካም። እኔ ግን ሰውየው አይዋጥልኝም። ካራያን ሲመራ ክሮቹ ሐር ናቸው። የዚህኛው ይቧጥጣል። ዜማው ገና ሲጀምር ያቋርጥብሃል፣ መሃል ላይ ይጎትትሃል፣ ከዚያ ድንገት ያስደነብርሃል። ሙዚቃ እኮ ይፈሳል! ሲቆራርጡት ደግሞ «ጥንታዊ» የሚል ስም ይለጥፉበታል። በዚያ ዘመን እንዴት ይጫወቱ እንደነበር ማን ሰምቶ ነው?

ደጋን_ያዥ

ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ክር ያሞቁታል ብዬ ጠብቄ ነበር 😄

ሦስተኛ_ወንበር

ጋሼ፣ ማንም አልሰማም፤ እውነትዎን ነው። የተጻፈው ግን አለ። ምን ለማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

የሞዛርት 40ኛ ሲምፎኒ አከፋፈትን ያስታውሱ። መጀመሪያ ቪዮላዎቹ ብቻቸውን ከታች ይንቀሳቀሳሉ፤ ቶሎ ቶሎ፣ በለሆሳስ። ቫዮሊኖቹ ይከተላሉ። ዜማው የሚጀምረው በምትደጋገም ሁለት ኖታ ነው፤ አንዷ ከሌላዋ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ትላለች። ሞዛርት ሁለቱን በትንሽ ቅስት መስመር አያይዟቸዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ ቅስቷ ሥር ያለው የመጀመሪያው ኖታ ይጫናል፣ ሁለተኛው ቀለል ብሎ ይሸሻል። እንደዚያ ሲጫወቱት ዜማው ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሰው የጨነቀው ይመስላል።

አሁን ደግሞ ያንኑ በዘመናዊ ደጋን፣ በረጅም እኩል ድምፅ፣ በማያቋርጥ ቪብራቶ (ድምፁን በሚያርገበግብ አጨዋወት) ይጫወቱት። ቆንጆ ነው። ጭንቀቱ ግን የለም፤ ደስ የምትል የሻይ ሰዓት ሙዚቃ ትሆናለች። ሃርኖንኩር ከቪየና ሲምፎኒ ለምን እንደወጣ ሲጠየቅ የሚያነሳው ይህንኑ ሲምፎኒ ነበር። ያንን ሥራ በዚያ መልክ ዳግመኛ መጫወት አልቻለም።

የጥንቱ ደጋን ወደ ጫፉ ሲሄድ ይቀላል። ድምፁ በራሱ ጊዜ ይከሳል። ዘመናዊው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እንዲይዝ የተሠራ ነው። ስለዚህ «መቆራረጥ» የሚሉት ነገር ለድሮው መሣሪያ ተፈጥሮው ነው። ሃርኖንኩር ያደረገው፣ ያንን ንግግር ዘመናዊ መሣሪያ ለያዘ ሰው ማስተማር ነው። ደጋን_ያዥ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የጠሩት መሣሪያውን ፈልገው አልነበረም፤ ኖታውን የሚያነብበትን ዓይን ፈልገው ነው። መሣሪያውን ቤቱ ትቶ መጥቶም ያው ሰው ነው።

ጋሽ_ኮንትራባስ

የሞዛርቱን ተቀብያለሁ። የቤትሆቨኑን ትራምፔት ግን ማን ይመልስልኝ? ጆሮ ይበጥሳል።

ቫልቭ_አልባ

እኔ ልመልስ ጋሼ፣ የነፋሽ ነገር ስለሆነ።

በዚያ የቤትሆቨን ቀረጻ ላይ ኦርኬስትራው በአብዛኛው ዘመናዊ መሣሪያ ነው የያዘው። ሃርኖንኩር ትራምፔቶቹን ብቻ ቫልቭ (ኖታ መቀየሪያ ቁልፍ) በሌላቸው ለወጣቸው። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው። ዛሬ የምናውቀው ትራምፔት ወፍራም ድምፅ አለው። ቤትሆቨን «በኃይል» ብሎ የጻፈውን እንዳለ ቢነፉት እንጨት ነፋሾቹ ይዋጣሉ። ስለዚህ መሪው እጁን ዘርግቶ «ቀስ በሉ» ይላል። ትራምፔቱ ቀስ ሲል ደግሞ የጦር ሜዳ መንፈሱ ይጠፋል። ቫልቭ የሌለው ቀጭን ነው። ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥም ያበራል እንጂ ሌላውን አይሸፍንም። ያን ጊዜ ክላሪኔቱም ይሰማል፣ ትራምፔቱም ሳይፈራ ይነፋል።

ሌላም አለ። ቫልቭ የሌለው መሣሪያ ሁሉንም ኖታ ማውጣት አይችልም። የ3ኛው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ማለቂያ ላይ ትራምፔቱ ዋናውን ዜማ ይጀምርና መሃል ላይ ጥሎት ይወጣል። በኋላ የመጡ መሪዎች «ቤትሆቨን ዘመናዊ ትራምፔት ቢኖረው ይጨርሰው ነበር» ብለው ሞሉት። ለረጅም ጊዜ ሁሉም እንደዚያ ይጫወተው ነበር። ባዶውን እንደ ባዶ ትተህ ስትሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ጀግናው ይነሳል፣ ከዚያ ከዓይንህ ይሰወራል።

በነገራችን ላይ ይህ ቀረጻ በ1992 የግራሞፎን መጽሔትን የዓመቱ ምርጥ ቀረጻ ሽልማት ወስዷል። ጋሼን ያሳምናል ብዬ አይደለም የምናገረው።

ሊያ_አልቶ

ስለ መሣሪያ ብቻ ስታወሩ እኛ ዘማሪዎቹ ተረሳን።

ሃርኖንኩርና ሆላንዳዊው ጉስታቭ ሌዮንሃርት የባኽን የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎች (በዘማሪዎችና በመሣሪያ የሚቀርቡ ሥራዎች) ተካፍለው ቀረጹ። ወደ 200 የሚጠጉ ሥራዎች ናቸው። በ1971 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። መሃል ላይ፣ በ1980፣ ሁለቱ የኢራስመስን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። የሸክላው ሳጥን ውስጥ ሙሉ ኖታው አብሮ ነበር፤ እየሰማህ ኖታውን ተከተል ነው ነገሩ። በጥቂቶቹ ካልሆነ በቀር ሶፕራኖውን፣ ማለትም ከፍተኛውን ድምፅ፣ የሚዘምሩት ወንድ ልጆች ናቸው። በባኽ ጊዜ እንደዚያ ስለነበር።

እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቹ ልጆች ሲታገሉ ይሰማል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ድምፃቸው ከኖታው ዝቅ ይላል። ባኽ ለማንም የማይራራ ጸሐፊ ነው፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጭራሽ። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ሌላ ቦታ የማላገኘው አንድ ነገር አለው።

አሁን ዋናው ነጥቤ። «የማቴዎስ ሕማማት»ን በ1970 ሲቀርጽ በጥንት መሣሪያ የመጀመሪያው ነበር። ሶፕራኖው በሙሉ ወንድ ልጆች፣ ከሱ ዝቅ የሚለው አልቶውም ወንድ። በ2000 ደግሞ ያንኑ ሥራ እንደገና ቀረጸ። በዚህኛው እነ ክሪስቲነ ሼፈርና ዶሮቴያ ሮሽማን ናቸው የዘመሩት። ሴቶች! ያውም ግራሚ አገኘበት። «ታሪኩ እንዲህ ነው» ብሎ ግትር የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን አያደርግም ነበር። ጋሽ ኮንትራባስ «ጥንታዊ የሚል ስም ይለጥፉበታል» ላሉት ይህ ጥሩ መልስ ይመስለኛል። ሰውየው ድሮን ሲያጠና የኖረው ዛሬ ላለ ጆሮ ነው።

ገና_ተማሪ

እየተማርኩ ነው፣ አመሰግናለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። እኔ በዚህ መስመር መሄድ እፈልጋለሁ፤ የመሪነት ክፍል ልግባ ወይስ በመሣሪያዬ ልቀጥል? እንጀራስ ይሆናል? ካራያንን እንመለስበታለን ተብሎ ነበር፣ እሱም አልተነገረም።

ሦስተኛ_ወንበር

ካራያንን ረስቼው አይደለም።

የቀጠረው ካራያን ነው ብያለሁ። በኋላ ግን በመካከላቸው ቅዝቃዜ ነበር። ካራያን የሳልዝቡርግ ፌስቲቫል ትልቁ ሰው ነበር፤ በ1989 ሞተ። ሃርኖንኩር በፌስቲቫሉ የመጀመሪያ ኮንሰርቱን ያቀረበው በ1992 ነው። ልብ በሉ፣ ከ1973 ጀምሮ እዚያው ከተማ፣ ሞዛርቴውም የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምር ነበር። ከተማው ውስጥ ክፍል ነበረው፣ ፌስቲቫሉ ላይ መድረክ አልነበረውም። የቀረውን እናንተ ገምቱት።

ገና ተማሪ፣ ከዚህ የምትወስደው ነገር ካለ በር የሚዘጋ ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ሃርኖንኩር የተዘጋውን ሲያንኳኳ አልኖረም፤ ዙሪክና አምስተርዳም ሠራ። በ1985 ደግሞ ያደገበት ግራትስ ላይ በሱ ዙሪያ ስቲርያርተ የሚባል ፌስቲቫል ተቋቋመለት። ትራምፔቱ ያነጋገረን ቤትሆቨንም፣ ገርሽዊኑም እዚያ ነው የተሠሩት።

ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ነገር፤ ዕድሜውን ሙሉ የአንድም ትልቅ ዘመናዊ ኦርኬስትራ ዋና መሪ ሆኖ አያውቅም። እንግዳ ሆኖ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ኮንሴንቱስ ይጠብቀዋል።

ሃርፕሲኮርድ_ሥር

ለገና ተማሪ እኔም ልጨምር፤ በዚህ ዘርፍ ትንሽ ስለኖርኩበት።

የዚህ ሙያ ሰዎች ከየት እንደመጡ ተመልከት። ፍራንስ ብሩገን ዋሽንት ነፋሽ ነበር፤ ሪከርደር የሚባለውን። በ1981 የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦርኬስትራን አቋቋመ። ረኔ ያኮብስ ዘፋኝ ነው፣ ካውንተርተኖር፤ በከፍተኛ ድምፅ የሚዘፍን ወንድ ማለት ነው። ፊሊፕ ሄሬቬገ ሕክምናና ሳይካትሪ እያጠና ነው ኮሌጂየም ቮካሌ የተባለውን የመዘምራን ቡድን የመሠረተው። ኤማኑኤል ኤይም ሃርፕሲኮርድ ስትጫወት ቆይታ በ2000 ኮንሰር ዳስትሬን መሠረተች፤ ዛሬ በርሊን ፊልሃርሞኒክም ይጠራታል። ማሳኪ ሱዙኪ ኦርጋንና ሃርፕሲኮርድ ነው። ባኽ ኮሌጂየም ጃፓንን በ1990 አቋቁሞ የካንታታዎቹን ቀረጻ በ2013 ጨረሰ።

ከመሪነት ክፍል በቀጥታ የመጣ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ፊት ለፊት ቆሞ ዘንግ የሚያወዛውዝ መሪ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረም። ሙዚቃውን የሚመራው ሃርፕሲኮርዱ ላይ የተቀመጠው ወይም የመጀመሪያው ቫዮሊን ነው። ስለዚህ መሣሪያህን አትጣል። ሃርኖንኩር ራሱ ዘንግ አይዝም ነበር፤ በእጁና በዓይኑ ነው። ዓይኑን ቪዲዮ ላይ እየው፣ ያስፈራል።

ገንዘቡን በተመለከተ ቀጥታ ልንገርህ። የራስህ ቡድን ማለት ብዙውን ጊዜ ቋሚ ደመወዝ የለም ማለት ነው። ተጫዋቾቹ በየፕሮጀክቱ ይጠራሉ፤ አንዱ ቫዮሊኒስት በወር ውስጥ ሦስት ቡድን ውስጥ ልታገኘው ትችላለህ። መሪው ስፖንሰር ይለምናል፣ የአውሮፕላን ትኬት ያስባል፣ ሃርፕሲኮርድ ማን እንደሚያስተካክል ያስባል። እንግድነት የሚጠራህ ዘመናዊ ኦርኬስትራ ደግሞ ክፍያው ይሻላል፣ ጊዜ ግን የለም። ጥቂት ልምምድ፣ ከዚያ ኮንሰርት። ሰማንያ ሰው «እኛ ይህን ሥራ ዘንድሮ ነው የምንጫወተው?» በሚል ፊት ያይሃል። ለያንዳንዱ ወንበር ደጋኑ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች፣ የቱ ጋ ቪብራቶ እንደሌለ ምልክት የተደረገበት ኖታ ቀድመህ ካልላክህ የመጀመሪያው ቀን በንግግር ያልቅብሃል። ብዙ ወጣት መሪ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ያወራል። ኦርኬስትራ ደግሞ ወሬ አይወድም።

ጋሽ_ኮንትራባስ

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በቃል እፈርማለሁ። ስንቱን ፕሮፌሰር መሰል አይተናል።

ሦስተኛ_ወንበር

ጋሼ፣ ሃርኖንኩር ግን ሲያወራ ይሰማ ነበር። በ2002 ሳልዝቡርግ ላይ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የብሩክነርን 9ኛ ሲያቀርብ ምን አደረገ? ብሩክነር አራተኛውን ክፍል ሳይጨርስ ነው የሞተው፤ የተረፉት ቁርጥራጮች ናቸው። ሃርኖንኩር ለታዳሚው እያስረዳ ቁርጥራጮቹን አስጫወታቸው። ይጫወታሉ፣ ድንገት ይቆማል፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃልና። እሱ ስለጠፋው ገጽ ይናገራል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ባዶውን ሊሞላው አልሞከረም። የባሮክ ሰው ብሩክነር ላይ ምን ይሠራል ለሚል ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የአዲስ ዓመቱም እንደዚያው ነው። በ2001 ኮንሰርቱን የከፈተው በራዴትስኪ ማርሽ ነው፤ ያውም አባትየው ሽትራውስ መጀመሪያ በጻፈው መልክ። ሰው ሁሉ ለማጨብጨብ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃትን ማርሽ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላ ልብስ አልብሶ አመጣት።

ደጋን_ያዥ

ተባረኩ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። መቼ ነው ያቆመው?

ሊያ_አልቶ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2015፣ 86 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው። ቪየና ሙዚክፌራይን አዳራሽ ላይ በእጁ የጻፈው ደብዳቤ ለታዳሚው ከፕሮግራሙ ጋር ታደለ። አቅሙ እንደማይፈቅድለት፣ ከታዳሚው ጋር አብረው ፈላጊዎች እንደሆኑ ጻፈ። በመጋቢት 2016 ሞተ። ከመጨረሻዎቹ ቀረጻዎቹ አንዱ የቤትሆቨን 4ኛና 5ኛ ነው፤ በዚህኛው ከራሱ ከኮንሴንቱስ ጋር። ደጋን_ያዥ፣ ከ1990ው ጋር አስተያየው። 5ኛው ይበልጥ ሻካራ ነው፣ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ጋሽ_ኮንትራባስ

«ይበልጥ ሻካራ» ካልሽኝ በኋላማ አልሰማውም ልጄ 😄 የብሩክነሩን ግን ሰማሁት፣ ንግግሩን ጭምር። ደህና ነው። የቤትሆቨኑ ላይ አቋሜን አልለወጥኩም።

ገና_ተማሪ

ሃርፕሲኮርድ ሥር፣ ምልክት የተደረገበት ኖታ ያልከኝን ከየት ልጀምር? እኔ ቪዮላ ነኝ።

ሃርፕሲኮርድ_ሥር

ከትንሽ ሥራ። የሃይድንን አንድ ሲምፎኒ ያዝ፣ የክሮቹን አምስት ክፍል በሙሉ ራስህ ምልክት አድርግባቸው። ከዚያ ጓደኞችህን ሰብስብና ምንም ሳትናገር አስጫውታቸው። የትኛው ምልክትህ ንግግር እንደሚፈልግ ወዲያው ይታይሃል። ቪዮላ መሆንህ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ከመሃል ሆነህ ሁሉንም ትሰማለህ።